ነገሥታቱ የት ይከርሙ ነበር? ፎገራ፣ ዝናቡና መንገደኛው

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጓደኛችሁን ስታገኙ የመጀመሪያው ቃላችሁ ምንድን ነው? «እንዴት ከረምክ?» አይደል? «ከረመ» የሚለው ግስ ከ«ክረምት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። እንግዲህ በትክክል እየጠየቃችሁ ያላችሁት «ክረምቱን እንዴት አለፍከው?» ብላችሁ ነው። ዛሬ ጥያቄው የወግ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ በስልክ ስትደዋወሉ ቆይታችሁም ትሉታላችሁ። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ግን መልስ የሚጠበቅበት የምር ጥያቄ ነበር። ሰኔ ላይ ወንዙ ሲሞላ ማዶ የቀረ ዘመድ እስከ መስቀል ድረስ ወሬው አይሰማም። መስከረም ላይ ስትገናኙ አንዳችሁ ሌላውን የምትጠይቁት እውነትም ምን እንደገጠመው ስለማታውቁ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ክረምት ነው። ስለ አገሩ ሁሉ ማውራት ስለማይቻል አንድ ቦታ እንያዝ፦ ከወረታ ከተማ ጥግ ያለውን ቁሐር ሚካኤልንና ዙሪያውን የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ። ይህን ቦታ የመረጥኩት ክረምቱ የአገሪቱን ታሪክ እንዴት እንደቀረጸው እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው። ደግሞም ዛሬ ወደዚያ የሚጓዝ ሰው የሚያደርገው ዝግጅት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የጎንደር ነገሥታት ካደረጉት ብዙ አይለይም።

ስሙ ራሱ ቀን መቁጠሪያ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ትልልቅ ክብረ በዓላት ሁለት ናቸው፤ ሰኔ 12 እና ኅዳር 12። በሰኔ ሚካኤል ዝናቡ ገብቷል፣ ገበሬው ማሳው ላይ ነው፣ መንገዱ ጭቃ መሆን ጀምሯል። በኅዳር ሚካኤል ሰማዩ ጠርቷል፣ እህሉ ደርሷል፣ መንገዱ ደርቋል። በሁለቱ ሚካኤሎች መካከል ያሉት አምስት ወራት ናቸው እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው እዚህ ነው፤ ያንን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። የከተማዋ ከፍታ 1830 ሜትር አካባቢ ነው። የጣና ውኃ ወለል ደግሞ 1786 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱን ቀንሱት፤ 40 ሜትርን ትንሽ ዘለል ይላል። ወደ ምሥራቅ ዞር ስትሉ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ አለ። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከጉና ይነሱና ሁለት ሺህ ሜትር ቁልቁል ወርደው ድንገት እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። ተንደርድሮ የመጣ ሰው አሸዋ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ይዝላል። ወንዙም እንደዚያው ነው። ፍጥነቱን ያጣል፣ ተሸክሞ የመጣውን ደለል ያራግፋል፣ ደለሉ አልጋውን ይሞላዋል፣ ውኃው ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ፎገራ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ሜዳው ራሱ የድሮ ጎርፍ ነው።

ዝናቡስ ከየት ይመጣል? በምድር ወገብ ዙሪያ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የተዘረጋ የዝናብ ቀበቶ አለ። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ ይከተላታል፤ ወደ ደቡብ ስትመለስም አብሯት ይመለሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቀበቶው እኛ ላይ ነው፤ ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ጫካና ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣው እርጥብ አየር በተራሮቻችን እየተገፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ወረታ በዓመት ከምታገኘው 1200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በእነዚህ አራት ወራት ውስጥ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ሰማዩም ይጠራል።

እዚህ ላይ ብዙ መንገደኛን የሚያሳስት ነገር አለ። ክረምት ማለት ብርድ፣ በጋ ማለት ሙቀት ይመስለናል። ከፊል እውነት ነው። ሐምሌ ላይ ደመናው ፀሐይን ስለሚከልል ቀኑ ይቀዘቅዛል። ግን ያው ደመና ሌሊት እንደ ጋቢ ምድርን ይሸፍናታል፤ ሙቀቷ ወደ ሰማይ አያመልጥም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን ትሞቃላችሁ፣ ሌሊት ግን ትንቀጠቀጣላችሁ። ስለዚህ ወፍራም ጋቢ የሚያስፈልጋችሁ ለጥር ሌሊት ነው፤ ለሐምሌ የሚያስፈልገው ውኃ የማያስገባ ነገር ነው። በጣም የሚሞቀው ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የመጡት ፖርቱጋሎች የእኛን ዝናባማ ወራት የጻፉት በአገራቸው ቋንቋ «የብርድ ወቅት» በሚለው ቃል ነው። በአውሮፓ ግን ያ ጊዜ የሙቀት ወቅት ነው። የእነሱን መጽሐፍ በትርጉም ስታነቡ «ንጉሡ ብርዱን እዚያ አሳለፉ» የሚል ካጋጠማችሁ ብርድ አይደለም፤ ዝናብ ነው።

እንግዲህ ወደ ንጉሡ እንምጣ።

የመካከለኛው ዘመን ነገሥታታችን ቋሚ ዋና ከተማ አልነበራቸውም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከ«ከተተ» ወይስ ከ«ከተመ» እያሉ ሊቃውንት ይከራከሩ፤ በዜና መዋዕሎቹ ውስጥ ግን ትርጉሙ በአብዛኛው የንጉሥ ሰፈር ነው፣ ድንኳኖች የተተከሉበት። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያንን ተንቀሳቃሽ ሰፈር በዝርዝር ገልጾታል። ወታደሩ፣ ቀሳውስቱ፣ ዳኞቹ፣ ጠጅ ጣዮቹ፣ በቅሎ ጫኞቹ ሁሉ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይሰፍራሉ። ይህን ሁሉ ሕዝብ አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ማቆየት አይቻልም። እህሉ ያልቃል፣ የማገዶው እንጨት ያልቃል። መንቀሳቀሱ የአስተዳደር ዘዴ ብቻ ሳይሆን የምግብ ጉዳይ ነበር።

ክረምት ሲመጣ ግን መንቀሳቀስ አይቻልም። ሦስት ወር ከምናምን አንድ ቦታ መቀመጥ ግድ ነው። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ትልቁ የመንግሥት ውሳኔ «ዘንድሮ የት እንከርማለን?» የሚለው ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። የሚመረጠው ቦታ ብዙ ነገር ያስፈልገዋል። በአካባቢው እህል የሚሰጥ ለም መሬት መኖር አለበት፤ ግን ሰፈሩ ራሱ ለም መሬቱ ላይ መሆን የለበትም፣ ጭቃ ነውና። ከብት መኖር አለበት። እንጨት መኖር አለበት። ወባ የማይደርስበት ከፍታ መሆን አለበት። ጠላት በድንገት እንዳይመጣም ወንዝ ቢከልለው ይመረጣል።

ይህን ዝርዝር ይዛችሁ ካርታ ላይ ብትፈልጉ ጣቶቻችሁ የጣና ምሥራቅና ሰሜን ዳርቻ ላይ ያርፋሉ። ፎገራና ደምብያ የእህልና የከብት ጎተራ ናቸው፤ የፎገራ ከብት ዛሬም በዝርያው የታወቀ ነው። ከሜዳው ጠርዝ ላይ ደግሞ ኮረብታዎች ቀጥ ብለው ይነሳሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ዓፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) እንዳሠሩት የሚነገርለት የጉዛራ ቤተ መንግሥት የቆመው እንፍራዝ አጠገብ እንዲህ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ስትመለከቱ ሜዳውና ጣና ከእግራችሁ ሥር ናቸው። እህሉን ታዩታላችሁ፤ ጭቃውና ትንኙ ግን ታች ይቀራሉ። ከዚያ ዓፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀመጡ። በ1636 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓፄ ፋሲለደስ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በምትገኝ ቦታ ሰፈሩ። ያቺ ቦታ ጎንደር ናት።

የታሪክ መጻሕፍት ጎንደር ዋና ከተማ የሆነችበትን ምክንያት ሲዘረዝሩ የንግድ መንገድ፣ የሃይማኖት ውዝግብ፣ የኦሮሞ መስፋፋት ይላሉ። ሁሉም ልክ ናቸው። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይሆናል፣ ከፍታው ላይ ዓይኔ ይቀራል። ጎንደር መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የክረምት ሰፈር ነበረች፤ ልዩነቷ በጋ ሲመጣ ንጉሡ ቢወጡም ክረምት ሲመጣ ተመልሰው እዚያው መግባታቸው ነው። ሰፈሩ ቤት ሠራ፣ ቤቱ ግንብ ሆነ። የፋሲልን ግንብ ስታዩ እንግዲህ ድንጋይ የሆነ የክረምት ድንኳን እያያችሁ ነው።

ከተማው ደረቅ መሬት ላይ ቆመ እንበል። መንገደኛውስ?

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ወገባችሁ አካባቢ የሚደርስ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ወንዝ ውስጥ ገብታችኋል። ውኃው በሰከንድ አንድ ሜትር ይሄዳል፤ ይህ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። ለውኃው የምትሰጡት ገጽ 0.3 ካሬ ሜትር ነው ብንል የሚገፋችሁ ኃይል በግምት 150 ኒውተን ይሆናል፣ የ15 ኪሎ ክብደት ያህል። ትችሉታላችሁ። አሁን ፍጥነቱ በእጥፍ ይጨምር፣ ሁለት ሜትር በሰከንድ። ግፊቱ በእጥፍ አይጨምርም፤ በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው፤ 600 ኒውተን፣ የ60 ኪሎ ያህል። በዚያ ላይ ውኃው ወደ ላይ ስለሚያነሳችሁ እግራችሁ መሬቱን የሚረግጥበት ክብደት ወደ ግማሽ ወርዷል። ማለትም በጎን የሚገፋችሁ ሲበዛ በእግር የምትይዙት ቀንሷል። ለዚህ ነው «ትላንት እኮ ተሻግሬዋለሁ» የሚል ሰው ዛሬ የሚወሰደው። ወንዙ ሲታይ ብዙም ያልተለወጠ ይመስላል፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው።

አባቶቻችን ይህን ቀመር አያውቁትም፤ መፍትሔውን ግን ያውቁት ነበር። ተያይዞ መሻገር፣ ጠንካራውን ሰው ወደ ላይኛው ወገን ማድረግ፣ በትር መያዝ፣ ዋናተኛ መቅጠር፣ ወይም ቁጭ ብሎ መጠበቅ። በጣና ዳር ደግሞ ወይጦዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ በሐይቁ መዞር ይቻል ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራው ደራሽ ውኃ ነው። ቃሉን አስቡት፤ ሳይጠበቅ ይደርሳል። ተራራው ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ሲያሞቀው የዋለው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን። ጉና ላይ በዘጠኝና በአሥር ሰዓት የወረደው ዝናብ ፎገራ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ ምሽት ወይም ሌሊት ነው። እናንተ ያላችሁበት ሜዳ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ ኮከብ ይታይበታል። ወንዙ ግን ይሞላል። መንገደኛ ታዲያ «ሰማዩ ጠርቷል» ብሎ ወንዝ ዳር ቢያድር ስህተቱ የዝናቡ ሳይሆን የሰዓቱ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን ክረምት በዓይኑ አይቷል። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ፤ ከያዛቸው መሣሪያዎች ጋር ዝናቡን ሁሉ ይለካ ነበር። በ1770 ከ900 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ በ1771 ደግሞ 1050 ያህል መዝግቧል። ከዘመናችን ልኬት ጋር ስታስተያዩት ሰውየው አልዋሸም። (በሌላ ብዙ ነገር ዋሽቷል እያሉ አገሩ ሲመለስ ስቀውበታል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።) የአባይን ምንጭ ለማየት የመጀመሪያ ሙከራው የተደረገው በሚያዝያና በግንቦት ነበር፤ በእንፍራዝ በኩል፣ በጣና ምሥራቅ፣ ማለትም በእኛው ሜዳ አልፎ ጢስ ዓባይ ደረሰ። ምንጩ ጋ ግን አልደረሰም። ዋናው እንቅፋት ጦርነቱ ቢሆንም ዝናቡም ገብቶ ነበር፤ የራስ ሚካኤል ስሑል ጦር አባይን በሙላት ሲሻገር ብዙ ሰውና በቅሎ እንደጠፋ ብሩስ ጽፏል። ራስ ሚካኤልም ተከዜ ሳይሞላ ቸኩለው ወደ ትግራይ ተሻገሩ። ወንዙ ከሞላ በኋላ የሚከተላቸው ጠላት አልነበረም፤ ተከዜ ለሦስት ወር ግንብ ሆነላቸው። ብሩስ ደግሞ ጎንደር ከርሞ በጥቅምት ማብቂያ እንደገና ተነሳ፤ ኅዳር ሳይገባ ግሽ ዓባይ ነበር። ከእሱ በፊት ምንጩን ያየው ፔድሮ ፓኤዝም የደረሰው በሚያዝያ 1618 እ.ኤ.አ.፣ ከዝናቡ በፊት ነው።

ክረምት ግንብ ነው ካልን ድልድይ በር ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የድንጋይ ድልድይ በሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ፏፏቴውን የሚያይ እንግዳ በእሱ ላይ ይሻገራል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ድልድይ ያልነበረው እጀ ብልህ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ላሊበላን የፈለፈለ አገር ነው። የጠፋው ኖራ ነበር። ኖራው በሱስንዮስ ጊዜ ሲገኝና አጠቃቀሙ ሲታወቅ ድንጋዩን በቅስት አያይዞ ማቆም ተቻለ። ቅስት ብልህ ነገር ነው፤ ሸክሙ ድንጋዮቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው ከባድ ነገር በላዩ ሲያልፍ ይበልጥ ይጠብቃል። ፋሲለደስ ሰባት ድልድዮች አሠሩ ይባላል፣ የርብም ወንዝ ድልድይ ከእነሱ ይቆጠራል። እንዲያውም ዝናቸው ከመብዛቱ የተነሳ አሮጌ ድልድይ ሁሉ የእሳቸው ይመስለናል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ዕጣ ፈንታው ያሳዝናል። ሞጣ አካባቢ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው በሁለቱ ጫፍ መካከል በተወጠረ ገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የአንድ አሜሪካዊ በጎ አድራጊ ድርጅት ክፍተቱን በብረት ዘጋው፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ2005 የአባይ ሙላት ወሰደው። ሁለተኛው፣ ከውኃው በጣም ከፍ ተደርጎ የተንጠለጠለው፣ በ2009 ተሠራ። ለምህንድስና ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ዝናብ የምትለካው ላየኸው ክረምት ሳይሆን ገና ላላየኸው ነው።

ጦርነትም በዚህ ቀን መቁጠሪያ ይሄድ ነበር። የአድዋ የክተት አዋጅ የታወጀው መስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖችም በ1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ የተሻገሩት መስከረም 22 ቀን ነው፣ ዝናቡ እስኪያልቅ ጠብቀው። ዓፄ ቴዎድሮስ ከወረታ በስተምሥራቅ ካለችው ደብረ ታቦር የተነሱት መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ነው። ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል ይዘው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። መንገዱን እየቆረጡ፣ ዐለት እየፈነቀሉ፣ በጋውን ሙሉ። ለምን እንዲህ ተቻኮሉ ብትሉ ሌላው ምክንያት እንዳለ ሆኖ መሬቱን ተመልከቱ። የዚያ አካባቢ ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ያንን መድፍ ሐምሌ ላይ ዋልካ ውስጥ ብታቆሙት እዚያው ይቀራል። ናፒየርም ያውቅ ነበር፤ መቅደላ በሚያዝያ ወደቀች፣ ጦሩም ዋናው ዝናብ ሳይገባ ለመውጣት ተጣደፈ።

አሁን ስለ ወባ ልናገር። የታሪክ መጻሕፍት ነገሥታትንና ድልድይን ይወዳሉ፣ ትንኝን ይረሳሉ። ዝናቡ ሲያቆም ጎርፉ በየጉድጓዱ ይተኛል፤ ትንኟ የምትራባው እዚያ ነው። ስለዚህ የወባው ወቅት ዝናቡ ሳይሆን ከዝናቡ በኋላ ያለው ነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ልብ በሉ፤ መንገዱ ደርቆ አበባው ፈክቶ «አሁን መጓዝ ደስ ይላል» የምትሉበት ጊዜ ነው። ደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን የሚፈራው በከንቱ አልነበረም። በ1953 እ.ኤ.አ. ከጣና ሰሜን ባለው ደምብያ 7000 ያህል ሰው በወባ ወረርሽኝ ሞተ። በ1958 ደግሞ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል፣ ወባ አይደርስበትም በተባለ እስከ 2100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ሳይቀር፣ 150 ሺህ ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በማግስቱ ዓመት መንግሥት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ያቋቋመው ለዚህ ነው። አያቶቻችሁ ያንን ዘመን ያስታውሱት ይሆናል፤ ጠይቋቸው።

መንገደኛ ስንል ደግሞ ወደ ፎገራ የሚመጣውን ብቻ አናስብ። ከፎገራና ከሊቦ ከምከም ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰዎች ትኩሳት እየያዛቸው፣ ስፕሊናቸው እያበጠ፣ እየከሱ ይሞቱ ጀመር። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። አልነበረም፤ ካላዛር ነበር፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ቀድሞ በዚያ ደጋማ ስፍራ ያልታወቀ። ከቆላ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያውቁት ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። ስንቁን አዘጋጅቶ የወጣ፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይዞ የተመለሰ ልጅ ነው ይህ የሆነበት። ከቆላ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ መናገር ሕይወት ያድናል፤ የወባ ምርመራው «የለም» ሲል ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ።

ጎርፉም አልቀረም። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ከፍ ብሎ ስለነበር ውኃው መሄጃ አጣ፤ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ሐይቁ የሚሞላው ከወንዞቹ ዘግይቶ፣ መስከረም ላይ መሆኑን አስታውሱ። በሩ ተዘግቶ እንግዳ እንደሚመጣበት ቤት ነው።

ግን ፎገራ ከጎርፉ ጋር ስምምነት ፈጥሯል። ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይሉታል፤ በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘሩበታል። በደርግ ጊዜ ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አስለመዱ። ጤፍ የሚሰምጥበት ውኃ ለሩዝ መኖሪያው ነው። በጅግና ኅብረት ሥራ ማኅበር የተጀመረው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ ዛሬም ይዘራል፣ ወረታም ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። ቁሐር ሚካኤል ሩዝ ከሚያመርቱት ቀበሌዎች አንዷ ናት። እዚያ ዘንድሮ «ዝናቡ ደህና ነው» ሲሏችሁ ማሳው ውኃ ይዟል ማለታቸው ነው፤ ለመንገደኛ መጥፎ ዜና፣ ለገበሬው ጥሩ።

እና መቼ ልሂድ ትላላችሁ? ሜዳውን በውኃ ተሸፍኖ ማየት ከፈለጋችሁ ነሐሴ፤ ግን ከአስፋልቱ ስትወጡ ባጃጁ የሚቆምበት ቦታ ከምታስቡት ይቀርባል፣ ከዚያ በኋላ ቦቲ ጫማና ትዕግሥት ነው። ጉዞአችሁን ጠዋት አድርጉት፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ሥራውን ይጀምራል። ጃንጥላ ለከተማ ነው፤ ሜዳው ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ እረኞቹ ከሣር የተሠራ ገሳ የሚለብሱት አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም፤ ሁለት እጃቸው ነፃ ይሆናል። ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። በጥቅምትና በኅዳር ከሄዳችሁ አጎበር ያዙ፣ ማታ እጅጌው ረጅም የሆነ ልበሱ። በጥር ጋቢ። ስንቅ ዛሬም አይከፋም፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ዝናብ ሲያግዳችሁ መኪና ውስጥ ዋጋቸው ይታወቃል። ስለ መንገዱ ጸጥታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ።

ወንዝ ዳር ከደረሳችሁ ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ሰው ፈልጉና ሰላምታ ካቀረባችሁ በኋላ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «አባባ፣ ትላንት ከሰዓት ጉና ላይ ዘንቦ ነበር?»